የትንንሽ የዝሆን ጥርስ ምስሎችን አገር ስለ ማወቅ

ከአንድ ጣት የማይበልጥ የዝሆን ጥርስ ምስል በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ቆሞ፣ ከሥሩ «አፍሪካ» ተብሎ ብቻ ተጽፎበት ይገኛል። አፍሪካ ግን የአንድ ቀራጭ ስም አይደለም። የቀረጸው ሰው ሕዝብ፣ ቋንቋና ሥርዓት ነበረው። ይህን መልሶ ለማወቅ የሚረዱትን አራት ጥያቄዎች በተራ እንመልከት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አንደኛ፤ ዕቃው ምንድር ነው? የዝሆን ጥርስ አግድም ሲቈረጥ እንደ መረብ የሚጠላለፉ ጥቃቅን መስመሮች ይታዩበታል። በጥርሱ ውጭ ጠርዝ አጠገብ መስመሮቹ የሚሠሩት ማዕዘን በዛሬው ዝሆን ከ90 ዲግሪ ይሰፋል፤ በጠፋው በማሞት ግን ከዚያ ይጠባል። የጉማሬ ጥርስ እንዲህ ያለ መረብ የለውም። አጥንት ደግሞ በማጉያ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በጋለ መርፌ መፈተን ምስሉን ስለሚያበላሽ ሊደረግ አይገባም።

ሁለተኛ፤ አቀራረጹ የማን ነው? በምሥራቅ ኮንጎ የሚኖሩት የሌጋ ሕዝብ ምስሎች ፊታቸው ብዙ ጊዜ የልብ ቅርጽ አለው፤ ገላቸውም በክብ መካከል ነጥብ ባለበት ጌጥ ይሸፈናል። በደቡብ ምዕራብ ኮንጎ ያሉት ፔንዴዎች ትንንሽ የጭንብል ቅርጾችን ከዝሆን ጥርስ ሠርተው በአንገታቸው ያንጠለጥሏቸው ነበር፤ የእነዚህም ዐይን ቈብ የተከደነና የከበደ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በሎአንጎ ጠረፍ የነበሩ ቀራጮች ግን ተሸካሚዎችንና ነጋዴዎችን በጥርሱ ዙሪያ እንደ ጠመዝማዛ መንገድ አሰልፈው እየቀረጹ ለአውሮፓውያን ይሸጡ ነበር።

ሦስተኛ፤ በምን አገልግሏል? በሌጋ ዘንድ ብዋሚ የሚባል ባለ ብዙ ማዕርግ ማኅበር ነበረ። የዝሆን ጥርስ ምስል የሚይዙት ኪንዲ የተባለው የላይኛው ማዕርግ ሰዎች ነበሩ። ምስሉ ዘይት እየተቀባ፣ በእጅ እየተዳሰሰ፣ ከባለቤቱ ወደ ተተኪው ስለሚተላለፍ ቀለሙ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ ከፍ ያለው ክፍሉም ይለሰልሳል። ለገበያ የተሠራውን አስመሳይ ደግሞ በሻይ ወይም በጢስ ያቀልሙታል። ስለዚህ ቀለም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ልስላሴው በእርግጥ እጅ በሚነካው ቦታ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

አራተኛ፤ ማን፣ መቼ፣ ከየት ወሰደው? በላብራቶሪ የካርቦን ምርመራ የሚታወቀው ዝሆኑ የሞተበት ዘመን እንጂ ምስሉ የተቀረጸበት ቀን አይደለም፤ አሮጌ ጥርስ ትናንት ሊቀረጽ ይችላልና። የዝሆኑ አገር ቢታወቅም ጥርሱ በንግድ ርቆ ስለሚጓዝ የቀራጩን አገር አያረጋግጥም። በቤኒን የእናት ንግሥት ኢዲያ የሚባሉት በ16ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ የዝሆን ጥርስ ጭንብሎች አገራቸው በግልጥ የሚታወቀው፣ የእንግሊዝ ጦር በ1897 ዓ. ም. ከቤኒን ቤተ መንግሥት የዘረፋቸው ስለ መሆናቸው ማስረጃ ስላለ ነው። ዝርፊያው የተመዘገበለት ዕቃ ቢያንስ ባለቤቱን ለመጥራት ይችላል፤ መዝገብ የሌለው ግን ዝም ይላል።

እንግዲህ ከአራቱ አንዱ ብቻ አይበቃም፤ አራቱ ሲስማሙ ነው «ይህ የሌጋ ነው» ለማለት የሚቻለው። ሲስማሙም እንኳ ሥራው አላለቀም። በብዋሚ ሥርዓት ምስሉ ከምሳሌያዊ ንግግር፣ ከዘፈንና ከጭፈራ ጋር ይቀርብ ነበር፤ አንድ ዐይነት ቅርጽ የተለያየ ምሳሌ ሊነገርበት ይችል ስለ ነበር መልኩን ብቻ አይቶ ትርጕሙን መናገር አይቻልም። የቅኝ ገዥው የቤልጅግ መንግሥት ማኅበሩን ሲከለክል ብዙ ምስሎች ከተናጋሪዎቻቸው ተለይተው ወደ ገበያ ወጡ።

የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ በ1989 ዓ. ም. ተወስኗል። ስለዚህ የምስሉን አገርና ዘመን በማስረጃ ማወቅ የሕግም ጕዳይ ነው። ለአፍሪካ ተማሪ ግን ከሕጉ በፊት የሚቀድም ምክንያት አለ፤ ስሙ ያልታወቀ ዕቃ መላሽም ጠያቂም የለውም።