«እስቲ ያዝልኝ» የሚባል ሰው በሌለበት ቤት

በየቤታችን ቀኑን ሙሉ ከምንሰማቸው አጫጭር ንግግሮች አንዱ «እስቲ ያዝልኝ» የሚለው ነው። ጋቢ ሲጨመቅ፣ ክር በመርፌ ሲገባ፣ የጆንያ አፍ ተከፍቶ ጤፍ ሲገለበጥ እንለዋለን። ብቻውን ለሚኖርና እጁ ለደከመ ሰው ግን ይህን ጥሪ የሚሰማ የለም። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ሰው ነው። ከቃላቱ እንጀምር፤ ቃሉ ሳይለይ የተያዘ ብልሃት ያለ ቦታው ይውላልና።

«እጄ አልሆን አለኝ» ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ እየጠራን ነው። ድካም ማለት ጣት ሲታዘዝ ጉልበት ማጣቱ ነው። ሕመም ማለት ጉልበቱ እያለ መገጣጠሚያው ሲከለክል ነው። መደንዘዝ ደግሞ ጣት የያዘውን ነገር በደንብ አለማወቁ ነው። ልዩነቱ ለሥራ ይጠቅማል። የደከመ እጅ ዕቃው ይከብደዋል፤ የደነዘዘ እጅ ግን ሳያውቀው ይለቀዋል። ስለዚህ ለደከመው ቀላል ዕቃ፣ ለደነዘዘው ደግሞ የማይሰበር ዕቃ ይመረጣል። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ሌሊት ሌሊት የሚደነዝዙ ከሆነ አንጓ ላይ የተጫነ ነርቭ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። በአንድ ወገን ድንገት የመጣ ድካም፣ በተለይ ከአፍ መጣመም ወይም ከንግግር መኮላተፍ ጋር ከሆነ፣ የዚህ ትምህርት ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራ እንለፍ። መጨበጥ ማለት ዕቃን በመዳፍና በአራቱ ጣቶች መክበብ ነው፤ ጀሪካን የምንይዘው እንዲህ ነው። መቆንጠጥ ማለት በአውራ ጣትና በሌላ ጣት ጫፍ መያዝ ነው፤ መርፌ የምንይዝበት መንገድ ነው። መጠምዘዝ ደግሞ ከሁለቱ በአንዱ ይዞ ማዞር ነው። እዚህ ላይ አንድ ሙከራ ያድርጉ። ግራ እጅዎን በቀኝ ክንድዎ ላይ፣ ከክርን ትንሽ ዝቅ አድርገው ያሳርፉና ቀኝ እጅዎን ይጨብጡ። ክንዱ ሲጠነክር ይሰማዎታል፤ ጣቶችን የሚያጥፉት ዋና ዋና ጡንቻዎች ያሉት እዚያ ነውና። ቀጥሎ አንጓዎን ወደ ውስጥ ፈጽመው አጥፈው ለመጨበጥ ይሞክሩ። እጅዎ ይፈታል። ብዙዎቻችን «ዕድሜ ነው» የምንለው ድካም አንዳንዴ የአንጓ መታጠፍ ብቻ ነው። ዕቃው ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ ቢቀመጥና አንጓው ቀና ቢል ጥቂት ጉልበት ይመለሳል።

መቆንጠጥ ከመጨበጥ የበለጠ ያስከፍላል። በጣት ጫፍ ላይ ትንሽ የምትመስለው ግፊት አውራ ጣት ሥር ባለው መገጣጠሚያ ላይ ብዙ እጥፍ ሆና ታርፋለች። ለዚህም ነው ጀሪካን የሚያነሳ ሰው ቁልፍ በጓጉንቸር ውስጥ ማዞር የሚያቅተው።

እስካሁን ሦስት ዓይነት ችግርና ሦስት ዓይነት አያያዝ ለይተናል። የቀረው ልዩነት ከሁሉም የሚልቀው ነው፤ በመያዝና በመሥራት መካከል ያለው። አስተውለው ቢያዩት የቤት ሥራ ሁሉ ማለት ይቻላል ሁለት እጅ ይጠይቃል፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይሠራል። ያዥው መንቀሳቀስ የለበትም። መንቀሳቀስ የሌለበት ሥራ ደግሞ የግድ የሰው እጅ አይፈልግም፤ ጠረጴዛ፣ መሳቢያ፣ ምሰሶ፣ ጭን ይበቃዋል። ደካማ እጅ ይሥራ እንጂ አይያዝ።

ጋቢን እንውሰድ። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ በተቃራኒ ይጠመዝዘዋል። ብቻዎን ከሆኑ ጋቢውን በምሰሶ ዙሪያ ያዙሩትና ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ይቋጥሯቸው፤ በተፈጠረው ቀለበት የመጥረጊያ እንጨት አስገብተው እንጨቱን ያዙሩ። ምሰሶው ሁለተኛው ሰው ሆነ ማለት ነው፤ የእንጨቱ ርዝመት ደግሞ ሥራውን ከጣት ወደ ትከሻ አዛወረው። ይህም ከበዛ አይጭመቁት። በአጥር ላይ ይስቀሉትና ይተዉት፤ ውኃው ራሱ ወደ ታችኛው ጥለት ይወርዳል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጥለቱን ብቻ በመዳፍ መጫን ይበቃል።

የማርማላታ ብርጭቆ ክዳን ሌላ ነገር ያስተምረናል። የሚያስቸግረን የክዳኑ ጥብቀት ይመስለናል፤ እውነቱ ግን አየር ነው። ትኩስ ሆኖ የታሸገ ምግብ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየርና እንፋሎት ስለሚኮማተር የውጩ አየር ክዳኑን ይጫነዋል። የማንኪያ ጫፍ ከክዳኑ ከንፈር ሥር አግብተው ቀስ ብለው ቢያነሱት «ጧ» ይላል፤ አየር ገባ። ከዚያ ብርጭቆውን መሳቢያ ውስጥ አስገብተው መሳቢያውን በዳሌዎ ይግፉበት፤ ክዳኑን በላስቲክ ጓንት፣ በጣት ሳይሆን በመዳፍ ያዙሩ። የሃይላንድ ውኃ ጠርሙስ ክዳን የአየር ችግር የለበትም፤ ችግሩ ትንሽነቱ ነው፤ ጠባብ ክዳን ከሰፊው ይልቅ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ወፍራም ጓንት ክዳኑን ስለሚያሰፋው ይረዳል፤ ጠርሙሱን ጭን ይያዘው።

የመያዣ ውፍረትም እንዲሁ ነው። ሳም ፋርበር የተባለ አሜሪካዊ፣ ባለቤቱ ቤትሲ የመገጣጠሚያ ሕመም ስለነበረባት የአትክልት መላጫ መያዝ ሲቸግራት አይቶ፣ በ1990 ኦክሶ የተባለውን ድርጅት ወፍራምና ለስላሳ እጀታ ባላቸው የማእድ ቤት ዕቃዎች ጀመረ። እኛ አሮጌ ጨርቅ በቢላ እጀታ ላይ ጠምጥመን ብናስር ያው ነው። በጀሪካን እጀታ ላይም ይሠራል፤ ግን 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ መሆኑን ጨርቅ አይለውጠውም። ባለ 5 ሊትሩን አራት ጊዜ ማመላለስ ስንፍና አይደለም።

ለመርፌ ብዙ ብልሃት አለ፤ እኔ የሳሙናውን እመርጣለሁ። መርፌውን ቀዳዳው ወደ ላይ ሆኖ በሳሙና ላይ ይትከሉት፤ ክሩን በስል መቀስ በሰያፍ ቆርጠው ያርጥቡትና ሁለቱን ክርኖች በጠረጴዛ ላይ አሳርፈው ያስገቡ። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ቢዘፈዘፍ ልጡ በመቆንጠጥ ሳይሆን በማሸት ይለቃል።

በመጨረሻ፣ ቢያመልጥ የሚወድቀውንና ቢያመልጥ የሚያቃጥለውን እንለይ። ከላይ ያልናቸው ሁሉ የመጀመሪያው ወገን ናቸው። የፈላ ጀበና ግን የሁለተኛው ነው፤ በግማሽ ሞልተው ሁለት ጊዜ ያፍሉ፣ ማቶቱንም ከምድጃው አጠገብ ያኑሩ። የጋዝ ሲሊንደርን ብቻዎን አይግጠሙ። ያመጣው ልጅ ሳይሄድ «እስቲ እሰርልኝ» ይበሉት፤ መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ይቀባልዎት፤ አረፋው እያበጠ ከሄደ ጋዙ እየወጣ ነውና ሲሊንደሩን ዘግቶ፣ ፈትቶ ደግሞ ይሰረው።