ከጎተራ ማሳለጫ እስከ አንጎል፦ ደም በየት በኩል ይሄዳል?



ጎተራ ማሳለጫ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ ዝም ብለን የምናየው ነገር አለ። ከመስቀል አደባባይ የመጣው ወደ ሳሪስ ይወርዳል፣ ከወሎ ሰፈር የመጣው ወደ ጎፋ ያልፋል፤ አንዱ መስመር ሲጨናነቅ የሚያውቅ ሾፌር በሌላው ዞሮ ይወጣል። አላህ (ሱ.ወ) በራስ ቅላችን ሥር ያስቀመጠው የደም መንገድም ወደዚህ የሚቀርብ አሠራር አለው። ስለዚህ መንገድ እንድንጽፍ ያነሳሳን ግን እዚያው ጎተራ ኮንዶሚኒየም የሆነ ነገር ነው።

የአንድ ወንድማችን አጎት ለሱብሒ ሲነሱ ምላሳቸው ተሳሰረ፣ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ቤተሰቡ “ጂን ነው” ብሎ ቁርኣን ሲቀራ ቆየ። አንድ ጎረቤት ደግሞ “ስትሮክ ከሆነ ደም ያቀጥናል” ብሎ አስፕሪን ሰጣቸው። ሆስፒታል የደረሱት ረፋዱ ላይ፣ አምስት ሰዓት ሲሆን ነው። ሲቲ ስካኑ ያሳየው የፈሰሰ ደም ነበር፤ አስፕሪኑ የተሰጠው ደም ለሚፈሰው ሰው ነበር ማለት ነው። ወንድማችን ይህን ሲነግረን ማንንም አልወቀሰም፤ እኛም አንወቅስም። ቤት ውስጥ ሆኖ ሊያውቅ የሚችል ሰው አልነበረምና።

ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱት ደም ቅዳዎች አራት ናቸው። ሁለቱ በአንገታችን ፊት በግራና በቀኝ ይወጣሉ፤ ካሮቲድ ይባላሉ፣ በጣት ሲነኩ ይመታሉ። ሌሎቹ ሁለቱ ቨርቴብራል የሚባሉት ከኋላ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ እየተሹለከለኩ ይወጡና የራስ ቅል ውስጥ ገብተው አንድ ይሆናሉ። ሰላት ጨርሰን ወደ ቀኝ ስናሰላምት የግራው ቨርቴብራል በመጠኑ ሊወጠርና ሊጠብ ይችላል። ጤነኛ ሰው ግን አይወድቅም፣ ሌሎቹ ይሸፍናሉ። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ በደቂቃ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ይፈልጋል። የሚያከማችበት ጎተራ ደግሞ የለውም።

አራቱ የሚገናኙት አንጎል ሥር ባለ ቀለበት ነው። ይህን ቀለበት ለማወቅ ሰው ብዙ ዘመን ወስዶበታል። ጃሊኑስ የምንለው ጋሌን እንስሳትን እየበለተ በአንጎል ሥር የደም ሥር መረብ እንዳለ ጻፈ፤ እነ ኢብን ሲናም ተቀበሉት። መረቡ በእርግጥ አለ፣ ግን በበግና በበሬ ነው፤ ሰው የለውም። ታላቅ ዓሊም መሆን ከስህተት እንደማያድን ኢብኑ ነፊስም አሳይቷል፦ እ.ኤ.አ. በ1242 የኢብን ሲናን የሰውነት ትምህርት ሲያብራራ፣ ደም በልብ ግድግዳ ቀዳዳ ያልፋል የሚለውን የጋሌን ቃል ውድቅ አድርጎ በሳንባ በኩል እንደሚዞር ጻፈ። የአንጎሉን ቀለበት ደግሞ እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ በ1664 ባሳተመው መጽሐፍ በደንብ አስረዳ፤ ቀለበቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሚያስደስተው፣ ለመጽሐፉ ሥዕሎችን ከሠሩት አንዱ የለንደኑን ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የነደፈው ክሪስቶፈር ሬን መሆኑ ነው። ዊሊስ ቀለም ያለው ፈሳሽ በአንዱ ደም ቅዳ ሲያስገባ በሌላው በኩል ሲመጣ አየ። በአንዱ መንገድ ሲዘጋ በሌላው ዞሮ መውጣት ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ቀለበት ካለ ስትሮክ ለምን ይኖራል? አንደኛ፣ ቀለበቱ በብዙ ሰው ላይ ሙሉ አይደለም፤ አንዱ ማገናኛ ቀጭን ነው ወይም ጭራሽ የለም። ሁለተኛ፣ ከቀለበቱ ወዲያ ያሉት ቅርንጫፎች እንደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ናቸው፤ ሲዘጉ ማዞሪያቸው ትንሽ ነው። ፍሉይድ ሜካኒክስ የወሰድን ደግሞ የፕዋዜይን ሕግ እናስታውስ፦ ግፊቱ ሳይለወጥ የቱቦው ስፋት በግማሽ ቢቀንስ የሚያልፈው ፈሳሽ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ደም እንደ ውሃ ባይሆንም ነገሩን ለመገመት ይበቃል። ሦስተኛው መንገዱ ሲዘጋ ሳይሆን ሲፈነዳ ነው፤ ለዚህ ዋናው ምክንያት ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ነው።

መዘጋትና መፈንዳት ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፦ የተጣመመ አፍ፣ የደከመ እጅ፣ የተሳሰረ ምላስ። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። የሚለያቸው ምስል ነው። መጀመሪያ የሚነሳው ተራ ሲቲ ስካን ነው፤ ትኩስ የፈሰሰ ደም ነጭ ሆኖ ይታያል። መዘጋት ከሆነ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምስሉ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። “ምንም አልታየም” ሲባል “ምንም የለም” ማለት አይደለም።

መንገዶቹን ራሳቸውን ለማየት በክንድ ደም ሥር አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ይሰጥና ደም ቅዳዎቹ ጋ ሲደርስ ሲቲው ያነሳል። ጨው ላይ የሚጨመረው አዮዲን ነው፤ ኤክስሬይን አላሳልፍ ስለሚል መንገዱ ያበራል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ይህን አስቀድሞ መናገር አለበት። ሐሳቡን የጀመረው ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ ነው፣ በ1927። ዛሬ በጣም ጥርት ያለው ምስል የሚገኘው ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ነው፤ ኮምፒውተሩ ፈሳሹ ከመግባቱ በፊት ያለውን ምስል ከኋለኛው ላይ ይቀንሳል፣ አጥንቱ ይጠፋና የደም መንገዱ ብቻ ይቀራል። እንደ ማትሪክስ መቀነስ ነው።

ኤምአርአይ ያለ ምንም ፈሳሽ ደም ቅዳን ማሳየት ይችላል። ባለበት የቆመው ሥጋ በተደጋገመ የሬዲዮ ምት ይደክማል፤ አሁን የገባው ደም ገና ስላልደከመ ይደምቃል። ደም በጣም ቀስ ካለ ግን መንገዱ ከሆነው በላይ ጠባብ ይመስላል። ርካሹ የአንገት ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው፦ አምቡላንስ ሲቀርብና ሲርቅ ድምፁ እንደሚለዋወጠው፣ ከሚሮጠው ደም የተመለሰው ድምፅ ፍጥነቱን ይናገራል፤ በጠበበ ቦታ ደም ይፈጥናል።

መታከም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙት ነው፤ ሩቅያም አምቡላንስ ውስጥ ይቀራል። ምልክቱን ያየ ሰው ወዲያው 907 ይደውል፤ አስፕሪንም ሆነ ምግብና ውሃ አይስጥ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ሆስፒታል እንኳ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ የሚቆጠረውም ሰውየው ደህና ሆኖ ከታየበት የመጨረሻ ሰዓት ጀምሮ ነው። የወንድማችንን ቤተሰብ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃቸው ይህንኑ ነበር፤ መልሳቸው “ማታ ዒሻ ሰግደው ሲተኙ” ሆነ። አልሐምዱሊላህ፣ አጎት በሕይወት አሉ፤ ዛሬ ሰላታቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰግዳሉ፣ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው እያነሱ።