ራበኝ እና ጾምኩ

የዐቢይ ጾም ትምህርት፤ ለትልልቆቹ ክፍል (ወላጆች፣ እባካችሁ አብራችሁ አንብቡ)



ልጆች፣ በኬኔሶና በአካባቢዋ የካቲት ሲመጣ አንድ ነገር ሳታዩ አትቀሩም። አንድ ረቡዕ ቀን የክፍል ጓደኛችሁ ግንባሩ ላይ ጥቁር አመድ ተቀብቶ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ማታ በየካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የተጠበሰ ዓሣ ይቀርባል፣ መኪና ማቆሚያው ይሞላል። "ጾም ላይ ነን" ይሏችኋል። እናንተ ቤት ደግሞ ሽሮና ምስር ወጥ ነው። ታዲያ በየዓመቱ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ "ጋሼ፣ ዓሣ እየበሉ እንዴት ነው የሚጾሙት?"

እንግዲህ ዛሬ እሱን እንመልስ። በኬኔሶ የቅድስት ካተሪን ዘሲዬና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከእናንተ መካከል በበሩ የማያልፍ የለም ማለት ይቻላል። ካቶሊኮች አንድ ቤተ ክርስቲያንና በሥሩ ያሉትን ምእመናን በአማርኛ "ቁምስና" ይሏቸዋል፤ ኦርቶዶክሶች "አጥቢያ" እንደሚሉት ማለት ነው። ይህን ቃል ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

በምዕራቡ የካቶሊክ ሥርዓት ጾሙ የሚጀምረው በአመድ ረቡዕ ነው። አመዱ የሚዘጋጀው ብዙውን ጊዜ ባለፈው ዓመት ለሆሳዕና ከተባረከው ዘንባባ ነው፤ ደርቆ ይቃጠላል። ከዋዜማው ማክሰኞ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የሚጨፈረውን ማርዲ ግራን ሰምታችኋል አይደል? ያ የእነሱ ቅበላ ነው። "ቅበላ" ማለት ጾም ከመግባቱ በፊት ሥጋው ተበልቶ፣ ቅቤው ተጠጥቶ የሚያልቅበት ጊዜ ነው።

በሥርዓታቸው ዕድሜው 14 የሞላ ሰው በአመድ ረቡዕና በዐቢይ ጾም ዓርቦች ሥጋ አይበላም። ዓሣ ግን ከሥጋ አይቆጠርም፤ ወተትና እንቁላልም አይከለከልም። ከ18 እስከ 59 ዓመት ያሉት ደግሞ በሁለት ቀን ብቻ፣ በአመድ ረቡዕና በስቅለት፣ አንድ ሙሉ ምግብ ይበላሉ፤ ሌላ ሁለት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መቅመስ ይፈቀዳል። በእኛ አገር ልማድ ግን 55 ቀን ሙሉ ሥጋም ወተትም ቅቤም እንቁላልም የለም። ዓሣንም በዐቢይ ጾም ብዙ ሰው አይነካውም፤ አዲስ አበባ ሄዳችሁ "የጾም" ተብሎ ዓሣ ሲቀርብ ብታዩ ግን አትደነቁ። ክርክሩ የቆየ ነው፣ እኔ አልገባበትም።

ስለ ዓሣ ካነሣን አንድ የምትወዱት ታሪክ ልንገራችሁ። ሉ ግሮን የሚባል ሰው ሲንሲናቲ ውስጥ የማክዶናልድ ቤት ነበረው። ሰፈሩ የካቶሊክ ስለነበር ዓርብ ዓርብ ሃምበርገር የሚገዛው ያጣል። መፍትሔ ብሎ የዓሣ ሳንዱች ሠራ። የኩባንያው አለቃ ሬይ ክሮክ ደግሞ ከሥጋ ይልቅ አናናስ ዳቦ ውስጥ ያስገባ ነበርና በ1962 (በፈረንጆች) በስቅለት ዕለት ሁለቱ ለውድድር ቀረቡ። እንደሚተረከው ዓሣው 350 ተሸጠ፣ አናናሱ 6። ዛሬም በየመንገዱ የምታዩት የማክዶናልድ የዓሣ ሳንዱች ከጾም የተወለደ ነው።

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ፤ ሙያዬ ሒሳብ ነውና ይቅር በሉኝ። ከአመድ ረቡዕ እስከ ቅዳሜ ሹር ቁጠሩ፤ 46 ቀን ነው። እነሱ እሑድን ከጾም ስለማይቆጥሩት 6 እሑዶች ሲቀነሱ 40 ይሆናል። የእኛን ቁጠሩ፤ መጀመሪያ 8 ቀን የሕርቃል ጾም፣ ቀጥሎ 40 ቀን ጌታ የጾመው፣ መጨረሻ 7 ቀን ሕማማት፤ ድምሩ 55። በሁለቱም ደብተር መካከል 40 ተቀምጣለች። የፋሲካው ቀን ግን አንዳንዴ ይገጥማል፣ አንዳንዴ ይራራቃል። በ2024 የእነሱ ማርች 31፣ የእኛ ሜይ 5 ነበር። በ2025 ደግሞ ሁለቱም ኤፕሪል 20 ዋለ፤ የዚያን ዓመት ረመዳንም ከጾሙ ጋር ተደራርቦ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ጾመ።

ደግሞ "ካቶሊክ" ሁሉ ፈረንጅ እንዳይመስላችሁ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገራችን ሕዝብ አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ግን አሉ። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ በግዕዝ የሚቀድሱ፣ በደቡብ ደግሞ ብዙዎቹ የላቲኑን ሥርዓት የሚከተሉ ናቸው። በአገር ቤት ፋሲካን የሚያከብሩት ከኦርቶዶክሱ ጋር በአንድ ቀን ነው። በዚህ ትምህርት ቤት አብራችሁ ከምትማሩት መካከልም ይኖራሉና ስለ ጓደኛችሁ ጾም ስትናገሩ በአክብሮት ይሁን።

ጾም ሁለት እህቶች አሏት፤ ጸሎትና ምጽዋት። ዓርብ ማታ ከዓሣው በፊት ወይም በኋላ ካቶሊኮች "ፍኖተ መስቀል" ይጸልያሉ፤ የጌታን መከራ በ14 ማረፊያ እያሰቡ ይዞራሉ። ስለ ጸሎቱ የየቤታችሁ አባቶች ያስተምሯችሁ። እኔ ምጽዋቱ ላይ ልቆይ።

በአትላንታ አካባቢ ባሉ ብዙ ቁምስናዎች የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር የሚባል አለ። ይህ ማኅበር በ1833 ፓሪስ ውስጥ የተቋቋመ ነው። ዋናው መሥራች ፍሬዴሪክ ኦዛናም ያኔ የ20 ዓመት ተማሪ ነበር፤ ከእናንተ ታላላቅ ወንድሞች አይበልጥም። አባላቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተቸገረ ሰው ቤት ይሄዳሉ። የቤት ኪራይ ያጠረው፣ መብራት ሊቆረጥበት የተቃረበ፣ ምግብ ያለቀበት ሰው ሲደውል ቁጭ ብለው ያነጋግሩታል፣ የሚቻለውን ይከፍሉለታል። ወላጆች፣ እድርን አስቡ። ልዩነቱ፣ እድር የሚረዳው አባሉን ነው፤ እነዚህ ግን ስሙን ሰምተውት የማያውቁትን ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር እኛ ከዚህ የምንማረው አለ።

ማኅበሩ በስሙ የተጠራለት ቅዱስ ቪንሰንት ከአገራችንም ጋር ይገናኛል። በ1625 የመሠረተው የላዛሪስቶች ማኅበር አባል የሆነ አንድ ጣልያናዊ በ1839 አድዋ ገባ። ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ይባላል፤ የአገራችን ካቶሊኮች "አቡነ ያዕቆብ" ይሉታል። የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ከእሱ ጋር ተወዳጀ፤ በኋላ በእምነቱ ምክንያት ታስሮ በ1855 በሰንሰለት እንዳለ ሞተ። ዘመኑ የከረረ የሃይማኖት ክርክር የነበረበት ነው፤ ስትበልጡ ታነቡታላችሁ። አቡነ ያዕቆብ ቅዱስ ተብሎ የታወጀው በ1975 ነው። ይህችን ዓመት ያዙልኝ።

በዚያው በ1975 በፔንሲልቬኒያ በአለንታውን ያሉ ሰዎች በአፍሪካ የደረሰውን ረሃብ ሰምተው አንድ ዘዴ አሰቡ። በጾም ቀን ቀለል ያለ ምግብ፣ ለምሳሌ ሩዝ፣ እንብላ፤ የተረፈውን ገንዘብ በዕቃ እናጠራቅም አሉ። ስሙንም "የሩዝ ሳህን" አሉት። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ካቶሊኮች የርዳታ ድርጅት፣ ካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስስ፣ የራሱ ሥራ አደረገው። በካቶሊክ ትምህርት ቤት የምትማሩ ልጆች ቤታችሁ የምታመጧት ትንሽ የካርቶን ሣጥን እሷ ናት።

በሣጥኗ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ልጅ ለ40 ቀን በቀን አንድ ዶላር የሚያወጣበትን ጣፋጭ ተወና 40 ዶላር አጠራቀመ እንበል። ሦስት አራተኛው፣ 75 በመቶው፣ ወደ ውጭ አገር ሥራ ይሄዳል። ሩቡ፣ 25 በመቶው፣ በዚሁ በሀገረ ስብከቱ ይቀራል፤ ለእኛ አካባቢ በአትላንታ ማለት ነው። ስንት ስንት ይደርሳል? 30 እና 10። "ሩብ" ማለት ከአራት አንድ፣ "ሲሶ" ከሦስት አንድ፣ "ግማሽ" ከሁለት አንድ ነው። "ሲሶ"ን የማታውቁ ብዙ ናችሁ፤ አያቶቻችሁ ግን መሬትም እህልም የሚያካፍሉት በእሷ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። አንዱ ተማሪያችን ሣጥኗን ይዞ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ልጆቹ 'ይህ ገንዘብ ለእናንተ አገር ነው አይደል?' አሉኝ። ምን ልበላቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። አንገቱን ደፍቶ ነበር የጠየቀኝ። ወላጆች፣ ይህ ጥያቄ እናንተም ቤት ይመጣል፤ ምናልባት መጥቶ አልነገሯችሁ ይሆናል። "ዝም በላቸው" ብሎ ማለፍ አይበቃም የሚል አስተያየት አለኝ።

እውነቱ ይህ ነው። ድርጅቱ ኢትዮጵያ ውስጥ መሥራት የጀመረው በ1958 ነው። በ1977 ዓ.ም. በትግራይ፣ በወሎና በኤርትራ ብዙ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ እህል ካደረሱት አንዱ ነበር። የዚያን ዘመን ረሃብ ዝናብ መቅረቱ ብቻ አላመጣውም። ጦርነት ነበር፤ መንግሥትም መስከረም ላይ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ስለ ረሃቡ ብዙም አይናገርም ነበር። ከእናንተ ወላጆች መካከል ያኔ ልጅ የነበሩ፣ የርዳታ ስንዴና ፋፋ የቀመሱ አሉ። ይህ የሚደበቅ ነገር አይደለም። እዚህ አሜሪካ አንድ የማያውቃችሁ ልጅ ከረሜላውን ትቶ የላከው ሳንቲም የአንዱን አጎት ወይም አክስት ነፍስ አትርፎ ሊሆን ይችላል። እናንተ ዛሬ ያቺን ሣጥን ስትሞሉ ደግሞ ገንዘቡ ከእናንተ ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር ልጅም ይሄዳል። ለጓደኛችሁ እንዲህ በሉት፤ "አዎ፣ ወደ አገሬም ሄዶ ያውቃል። እኔም እያስገባሁ ነው።"

ቋንቋችን በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያግዘን ነገር አለ። ምሳ ሲዘገይ በእንግሊዝኛ "አይ አም ስታርቪንግ" ትላላችሁ፤ በአማርኛ ግን "ራበኝ" ነው። ቃሉን ፍቱት። ራበ-ኝ። ልክ እንደ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ ጠማኝ፣ አመመኝ። እዚህ ላይ ባለቤቱ እናንተ አይደላችሁም፤ ረሃቡ ነው መጥቶ የሚይዛችሁ። "ተራብኩ" ስትሉም ያቺ "ተ" እንደ "ተያዝኩ"፣ "ተመታሁ" ነው የምትሠራው። "ጾምኩ" ስትሉ ግን ሥራውን የሠራችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ጾምኩ፣ ጾምክ፣ ጾምሽ፣ ጾመ፣ ጾመች፣ ጾምን፣ ጾማችሁ፣ ጾሙ። ሆድ በሁለቱም ጊዜ ባዶ ነው፤ ሰዋስዉ ግን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። የራበውን ሰው "ለምን ራበህ?" ብሎ መውቀስ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ሌሎችም ቃላት አሉ። "ድርቅ" ዝናብ ሲጠፋ ነው፤ "ችጋር" አገር ሲቸገር፣ የሚበላ ሲጠፋ፤ "ጠኔ" ደግሞ ከረሃብ የተነሣ ጉልበት ሲከዳና ዓይን ሲጨልም። ጾም "ይያዛል"፣ ጾም "ይፈታል"፤ ሰዓቱ ሳይደርስ የበላ ወይም የማይፈቀደውን የቀመሰ "ገደፈ" ይባላል። ሳያስበው በጓደኛው ልደት ላይ ፒዛ የበላ ልጅ አለ፤ ስሙን አልናገርም፣ ገድፏል!

ለሚቀጥለው ቅዳሜ የቤት ሥራ። አንደኛ፣ ራበኝ እና ጠማኝ የሚሉትን ከ"እኔ" እስከ "እነሱ" አርብታችሁ ጻፉ። ሁለተኛ፣ ሁለት አራተኛና አንድ ሲሶ የቱ ይበልጣል? በሥዕል አሳዩ። ሦስተኛ፣ ከእናት፣ ከአባት ወይም ከአያት አንዱን ቁጭ አድርጋችሁ "በልጅነትዎ ጾም እንዴት ነበር? ለተቸገረ ሰው ምን ይሰጥ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በስምንት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። "እርስዎ" ማለትን አትርሱ። ወላጆች፣ ልጆቹ ሲጠይቋችሁ በአማርኛ ብቻ መልሱላቸው፤ የ1977ቱን የምታስታውሱ ካላችሁም ንገሯቸው፣ እኛ ክፍል ውስጥ በእርጋታ እንሰማዋለን።