ርካሽ ወይን ጠጅን በሐቅ ስለ መቅመስና ነጥብ ስለ መስጠት

በየዓመቱ ጥር 12 ቀን የሚታሰበውን የቃና ዘገሊላን ሠርግ ታሪክ ያልሰማ በመካከላችን ጥቂት ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ግን ብዙ ሰው ልብ ሳይለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ውኃው ወደ ወይን ጠጅ ከተለወጠ በኋላ አስቀድሞ የቀመሰው የግብዣው አለቃ ከየት እንደ መጣ አያውቅም ነበር። የሚያውቁት የቀዱት አሳላፊዎች ብቻ ነበሩ። አለቃው የመጣበትን አገር አልጠየቀም፤ ዋጋውንም አልሰማም። ቀመሰና መልካም ነው ብሎ ፈረደ። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው ይኸንኑ ነው፤ ይኸውም ወይን ጠጅን የሚፈርድ ሰው የሚቀዳው እንዲያውቅ፣ የሚቀምሰው ግን እንዳያውቅ ማድረግ አለበት።

ነገሩ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ከመካከላችን አንዱ ለጓደኛው ምረቃ ወይም ለቤተሰብ ግብዣ አንድ ጠርሙስ ለመግዛት ሲወጣ፣ ከወር ወጪው የቆጠባትን ገንዘብ ይዞ ነው። ሱቁ ውስጥ ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ቆመው ያገኛል። አንደኛው የውጭ አገር ስም አለው፤ ሁለተኛው በመርቲ ወይም በዝዋይ ከበቀለ ወይን የተሠራ ነው። እጁ ወደ ውጭው ይሄዳል። ለምን ቢሉት «የአገር ውስጡ አይረባም» ይላል። ቀምሶ አነጻጽሮ ያውቅ እንደ ሆነ ቢጠይቁት ግን መልስ የለውም። እንግዲህ ሁለት ጉዳት ደረሰ፤ ገንዘቡ ያለ ምክንያት ወጣ፤ በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ውስጥ የደከመው ሠራተኛ ፍሬም ሳይቀመስ ተፈረደበት። የተማረ ሰው ሳይመረምር ሊፈርድ አይገባውም።

1ኛ፤ የስምጥ ሸለቆው ወይን

ወይን ጠጅን ከውጭ ማስመጣት በአገራችን የትናንት ልማድ አይደለም። በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መጽሐፍ በአዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ከኢጣልያና ከሎዶቅያ የሚመጣ ጥቂት ወይን ጠጅ እንደ ነበረ ይነግረናል። ሕዝቡ ግን የሚያውቀው ጠጅ የማሩ ነው። ስለዚህ ከወይን ፍሬ የሚሠራውንም «ወይን ጠጅ» ብሎ በጠጅ ስም ጠራው።

ዛሬ በአዳማና በአካባቢዋ ለምንኖር ሰዎች ወይኑ የሩቅ ነገር አይደለም። መርቲ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የቲማቲም ድልሁንና ማርማላታውን ነው። በዚያው በአዋሽ ሸለቆ ግን ለአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የሚሆን ወይን ይበቅላል። ጉደር የሚባለው ቀይ፣ አክሱሚት የሚባለው ጣፋጭ ቀይና ከሚላ የሚባለው ነጭ በየቤቱ የታወቁት ከዚህ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ለብዙ ዘመን በመንግሥት እጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ተዛውሯል። ከሞጆ ወደ ደቡብ ተጉዘን ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ የምትባለው ከተማ ስንደርስ ደግሞ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት ከቦርዶ ችግኝ አስመጥቶ ከ100 ሄክታር በላይ የተከለበትን እርሻ እናገኛለን። ጉማሬና ጅብ እንዳይገቡበት ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። ከዚህ እርሻ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሽያ በሚሉ ስሞች ለገበያ ቀረቡ። በሪፍት ቫሊው ላይ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ የሚሉ የወይን ዘር ስሞች ተጽፈው ይታያሉ።

አገሩ ለወይን የሚሰጠው ጥቅምና ጉዳት ሁለቱም መታወቅ አለባቸው። ባቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ብትገኝም ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። ስለዚህ ቀኑ ሲሞቅ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በአውሮፓ የወይን ሐረግ በክረምቱ ብርድ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። በእኛ አገር ግን የሚያስተኛው ብርድ ስለሌለ፣ መቼ እንደሚያፈራ የሚወስነው መቀስ ይዞ የሚገርዘው ሠራተኛና የመስኖው ውኃ ነው። ፀሐይ የበዛለት ፍሬ ስኳሩ ቶሎ ይሞላል፤ ኮምጣጣነቱ ግን ቶሎ ይቀንሳል። ስለሆነም የአገራችንን ወይን ጠጅ ስንቀምስ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ጣፋጭ ነውን?» ሳይሆን «ምላስን የሚያነቃው ኮምጣጣነት አልጠፋምን?» መሆን ይገባዋል።

2ኛ፤ ዓይን ምላስን እንደሚያታልል

እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የቦርዶ ጥናት እንደ እኛው የዩኒቨርስቲ ተማሪ በሆኑ 54 ሰዎች ላይ ተደርጓል። ተማሪዎቹ የሚማሩት የወይን ጠጅ ሙያ ነበር። ሽታ የሌለው ቀይ ቀለም የተጨመረበት ነጭ ወይን ጠጅ ሲቀርብላቸው፣ ሽታውን የገለጹት ለቀይ ወይን ጠጅ በሚነገሩ ቃላት ነበር። አፍንጫቸው ለዓይናቸው ተገዛ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ እንግሊዛዊ የወይን ጠጅ ነጋዴ በፓሪስ የፈረንሳይ ዐዋቂዎችን ሰብስቦ የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይን ጠጅ ስሙን ሸፍኖ አስቀመሳቸው። ዳኞቹ ከ20 ነጥብ ሰጡ። ውጤቱ ሲገለጥ ከነጩም ከቀዩም አንደኛ የወጡት የካሊፎርኒያዎቹ ሻቶ ሞንቴሌናና ስታግስ ሊፕ ሆኑ። ስሙ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይኸ ፍርድ ይሰጥ ነበር ብሎ የሚያምን ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ነጥብ ራሱ ፍጹም ሚዛን እንዳይመስለን። ሮበርት ሆጅሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጥናት በካሊፎርኒያ የውድድር ዳኞች ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ወይን ጠጅ ሳያውቁ ሦስት ጊዜ ቀርቦላቸው ነበር። በፍርዳቸው የጸኑት ከ10 ዳኞች አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ነጥብን እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ማስታወሻ እንያዘው።

3ኛ፤ የመቅመሱ ሥርዓት

መቅመስ ለአገራችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። የጥንቱ አሳላፊ ጠጁን በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለጌታው አያቀርብም ነበር። የቡና ቀማሾቻችንም ስኒ ደርድረው፣ አሽትተው፣ በማንኪያ ስበው፣ ተፍተው ነጥብ ይሰጣሉ። መጠጥ የማይጠጣ ጓደኛችንም ቢሆን ከዚህ በታች ያለውን ሥርዓት ለቡና ሊጠቀምበት ይችላል።

የግቢው ደንብ መጠጥ ስለማይፈቅድ ነገሩ ከግቢ ውጭ ይደረግ። ስድስት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አራት ጠርሙስ ይግዙ። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ደረቅ ቀይ ከደረቅ ቀይ፣ ጣፋጭ ከጣፋጭ ጋር እንጂ ደረቁን ከጣፋጩ ጋር ማወዳደር ፍርድ አይደለም። ከስድስቱ አንዱ አሳላፊ ይሁን። እርሱ ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ይጻፍባቸው፤ ለራሱ ነጥብ አይስጥ። ብርጭቆው ንጹሕ፣ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ብርሌ ለጠጅ ያማረ ነው፤ ነገር ግን አንገቱ አፍንጫ ስለማያስገባ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ጣት የማይሞላ ይቀዳ፤ የሚተፋበትም ዕቃ ይቅረብ። 12 ከመቶ አልኮል ያለው ወይን ጠጅ በ150 ሚሊ ሊትር ውስጥ 14 ግራም ያህል አልኮል አለው። አራቱን ሁሉ የሚውጥ ቀማሽ አራተኛውን መፍረድ አይችልም።

ከዚያም ማንም ሳይናገር እያንዳንዱ ለብቻው ይጻፍ። ወሬ ነጥብን ያበላሻል፤ ድምፁ ከፍ ያለው ሰው የሌላውን ምላስ ይገዛልና። የነጥቡ አከፋፈል የሚከተለው ነው።

ሀ) መልክ፣ 2 ነጥብ። ጥርት ያለ ነው ወይስ የደፈረሰ? ነጩ ወደ ቡናማ፣ ቀዩ ወደ ጡብ መልክ ከሄደ አየር ወይም ሙቀት ነክቶታል።

ለ) ሽታ፣ 6 ነጥብ። ብርጭቆውን አዙሮ ማሽተት ነው። የፍሬ፣ የአበባ፣ የቅመም ሽታ መልካም ነው። አቼቶ ከሸተተ ኮምጥጧል፤ እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ አበላሽቶታል።

ሐ) ጣዕም፣ 8 ነጥብ። እዚህ ላይ አራት ነገር ይመዘናል፤ ጣፋጭነቱ፣ ኮምጣጣነቱ፣ የአልኮሉ ትኩሳትና ድድን የሚያደርቀው ታኒን። ታኒንን ለማያውቅ ሰው በጌሾ እንመስልለታለን። ብርዝ ያለ ጌሾ ልጅን ያስደስታል እንጂ ጠጅ አይሆንም፤ ጌሾ የበዛበት ጠጅ ደግሞ ይመራል። ቀይ ወይን ጠጅም እንዲሁ ነው። መልካም የሚባለው አራቱ ተመዛዝነው አንዱ ሌላውን ሳይረግጠው ሲቀር ነው።

መ) ፍጻሜ፣ 4 ነጥብ። ከዋጡት ወይም ከተፉት በኋላ መልካሙ ጣዕም ስንት ሰኮንድ ይቆያል? ወዲያው ከጠፋ 1፣ እስከ 10 ሰኮንድ ከቆየ 2 ወይም 3፣ ከዚያ ካለፈ 4 ይሰጠው።

ድምሩ ከ20 ነው። የስድስት ሰው ሸንጎ አምስት ነጥብ ይሰጣል፤ መካከለኛው ነጥብ የጠርሙሱ ነጥብ ይሁን። አንድ ሰው አብዝቶ ቢወድ ወይም ቢጠላ መካከለኛው አይናወጥም።

4ኛ፤ ዋጋውን ከነጥቡ ጋር ስለ ማስተያየት

ጋዜጣው ሳይገለጥ ነጥቡ ይደመር፤ ከተደመረ በኋላ ዋጋው ይነገር። ከ10 በታች ያገኘ በነጻ ቢሰጥም አይጠቅምም። ስለዚህ ከነጥቡ ላይ 10 ቀንሰን፣ ዋጋውን ለቀሪው እናካፍላለን። ምሳሌ እንስጥ። አንዱ ጠርሙስ 600 ብር ሆኖ 14 ነጥብ አገኘ እንበል፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ 150 ብር ከፈልን ማለት ነው። ሌላው 1,200 ብር ሆኖ 15 ነጥብ ቢያገኝ ለእያንዳንዱ 240 ብር ከፍለናል። ሁለተኛው የተሻለ ወይን ጠጅ ነው፤ የተሻለ ግዢ ግን አይደለም። እነዚህን ሁለት ፍርዶች አለመለየት የብዙ ክርክር ምክንያት ነው።

አንባቢ የእኛን ነጥብ ለምን አላተማችሁም ይለን ይሆናል። ብናትም ኖሮ ቁጥሩ በጠርሙሱ ላይ እንደ ተለጠፈው ስም ሁሉ ሌላ መታለያ በሆነ ነበር። ደግሞም የዘንድሮው ጠርሙስ የአምናው አይደለም።

5ኛ፤ ከማዕድ ጋር

የዕለት ወይን ጠጅ ከምግብ ተለይቶ አይፈረድም። በርበሬ የአልኮልን ትኩሳትና የታኒንን ድርቀት ያብሳል። ስለዚህ ብዙ ታኒን ያለው ደረቅ ቀይ ከዶሮ ወጥ ጋር ሲቀርብ አፍ ያቃጥላል፤ ለጥብስ ወይም ለለብለብ ክትፎ ግን ይስማማል። ለዶሮ ወጥ የሚሻለው መጠነኛ ጣፋጭነት ያለው ነው። ጣፋጭ ወይን ጠጅ መውደድ አለመሠልጠን ነው የሚሉ ጓደኞቻችን የፈረንሳዩን ማዕድ እንጂ የእናቶቻቸውን ማዕድ አላሰቡም። የዝዋይ ቆሮሶ ተጠብሶ ሎሚ ሲጨመቅበት ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ነጭ ይመቸዋል።

6ኛ፤ ስለ ማቆየት

«ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል» የሚለው አባባል ለጥቂቱ እውነት ሲሆን ለብዙው ሐሰት ነው። በዓለም ከሚሠራው ወይን ጠጅ አብዛኛው በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ለመቆየት ታኒን፣ ኮምጣጣነትና የፍሬ ጣዕም ሦስቱም ሞልተው መገኘት አለባቸው፤ ርካሹ ጠርሙስ ይኸ ሁሉ አይኖረውም። በዚህ ላይ የአገራችን ሙቀት አለ። ለማቆያ የሚመረጠው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሆኖ የማይለዋወጥ ቦታ ነው። በአዳማ ግን በሚያዝያና በግንቦት ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። በጠርሙስ ውስጥ ያለው ለውጥ ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት በእጥፍ ይፈጥናል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በቁም ሣጥን ላይ «ይቆይልኝ» ተብሎ የተቀመጠ ጠርሙስ እየበሰለ እንጂ እየጣፈጠ አይደለም።

ሲገዙ ከመስኮት አጠገብ ፀሐይ የሚመታውን ትተው ከጥላው ያለውን ይምረጡ። ቡሹ ወደ ላይ የተገፋ ወይም ያፈሰሰ ከሆነ ሙቀት ገፍቶታል። በቤትም ጠርሙሱን አጋድሞ፣ በውስጠኛው ክፍል፣ ከወለሉ ላይ፣ በጨለማ ማስቀመጥ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያኑረው። የስምጥ ሸለቆው ደረቅ አየር ውኃውን እያተነነ ያበርደዋል፤ የእንስራን ውኃ የሚያበርደውም ይኸው ጥበብ ነው። ቀዩም ቢሆን በ30 ዲግሪ አይጠጣም፤ 16 ወይም 18 ዲግሪ ይበቃዋል። የተከፈተው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ይለቅ።

ማቆየት ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውንም በክርክር ሳይሆን በፈተና መቁረጥ ይቻላል። 15 ነጥብና ከዚያ በላይ ካገኘው ሦስት ጠርሙስ ይገዛ። አንዱ ዛሬ፣ ሁለተኛው ከስድስት ወር፣ ሦስተኛው ከዓመት በኋላ ተከፍቶ ማስታወሻው ይነጻጸር። ነጥቡ ከወረደ ያ ወይን ጠጅ የዕለት ነው፤ ከወጣ ግን የስምጥ ሸለቆአችን ወይን በመልካም ቦታ ሲቀመጥ እንደሚቆይ የራሳችን ማስረጃ አገኘን ማለት ነው።

ይኸን የሚያደርጉ ጓደኞቻችን ማስታወሻቸውን እንዲይዙ እንለምናለን። የጠርሙሱን ስም፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የተገዛበትን ዋጋና ቀን፣ የአምስቱንም ቀማሾች ነጥብ አንድ በአንድ ይጻፉ። ከብዙ እንዲህ ካለ ማስታወሻ በኋላ የአገር ውስጡ ይበልጣል ወይም ያንሳል ብንል ቃላችን ፍርድ ይሆናል። እስከዚያው ግን ሁላችንም ያለን ወሬ ነው።