የኮሪያ ቋንቋ ቅጽሎችና የአማርኛ የሁኔታ ግሦች

በኮሪያ ቋንቋ ቅጽል የሚባለው የቃል ክፍል እንደ ግሥ ይረባል። «ክዳ» የሚለው ቃል ብቻውን «ትልቅ ነው» ማለት ስለሆነ፣ «ነው» የሚል ፍቺ ያለው «ኢዳ» አይታከልበትም። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ቃሉን «ትልቅ» በሚል ፍቺ ብቻ ከያዘው ግን ይህን ትርፍ ግሥ ለመጨመር ይገደዳል።

ይበልጥ የሚያሳስተው ቃሉ ስምን ሲገልጽ የሚይዘው ቅርጽ ነው። በአናባቢ በሚጨርስ ሥር ላይ የሚታከለው «ን» ከድርጊት ግሥ ጋር ያለፈን ጊዜ፣ ከቅጽል ጋር ግን የአሁንን ሁኔታ ያመለክታል። «ካን ሳራም» የሄደ ሰው፣ «ክን ጂፕ» ትልቅ ቤት ማለት ነው። ለሚከናወን ድርጊት «ንን» የተሰኘ ሌላ ቅጥያ አለ፤ «ካንን ሳራም» የሚሄድ ሰው ነው።

ይህ ልዩነት በአማርኛም አለ። «የሄደ ሰው» ሲባል ድርጊቱ አልፏል፤ «የታመመ ሰው» ሲባል ግን ግሡ የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ቢይዝም ሕመሙ አሁንም አለ። የኮሪያው «አፕን ሳራም» ፍቺም ይኸው ነው፤ ቀድሞ ታሞ የነበረው «አፓቶን ሳራም» ይባላል።

ንጽጽሩ ወሰን አለው፤ «ኢታ» የሚለውን ግሥ ያዘሉ፣ እንደ «ማሺታ» (ይጣፍጣል) ያሉ ቅጽሎች «ንን»ን ይወስዳሉ። ሆኖም ትምህርቱ «ትልቅ»ን ከመሰሉ ቅጽሎች ይልቅ «ታመመ»፣ «ሰፋ»፣ «ከበደ» ከሚሉት ግሦች ቢጀምር፣ ተማሪው አዲሱን ሥርዓት በሚያውቀው ላይ ይመሠርታል።