ገንዳ ያለበት ቤት ስትከራዩ፦ «አጥር አለው» ሲሏችሁ የትኛው አጥር እንደሆነ ጠይቁ



ሙቀቱ ሲበረታ ልጆቻቸውን ለክትባትና ለክብደት ወደ እኛ ወደ ጢፓት ሐላቭ የሚያመጡ እናቶች አንድ ጥያቄ ያበዛሉ፦ «ለሻባት ገንዳ (ብሬኻ) ያለበት ቤት ተከራይተናል፤ ለሕፃኑ ምን እንያዝለት?» እነሱ የሚጠብቁት ስለ ፀሐይ ቅባትና ስለ ኮፍያ እንድንነግራቸው ነው። እኛ ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ አጥሩ ነው። ለምን እንደሆነ ዛሬ እናስረዳለን።

አንዲት እናት ለሌሎች ትምህርት ይሁን ብላ የደረሰባትን እንድንጽፍ ፈቅዳልናለች። ሦስት ቤተሰብ ሆነው ገንዳ ያለው ቤት ተከራዩ። ከመክፈላቸው በፊት ባለቤቱን «አጥር አለው?» ብለው ጠየቁት፤ «አለው» አላቸው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሁሉም ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ይጫወታል። የሁለት ዓመት ተኩል ልጇ ከአያቱ ጋር ያለ መስሏታል። አያቱ ከአባቱ ጋር ነው ብለዋል። አባቱ ደግሞ መኝታ ቤት ተኝቷል ብሎ ያስባል። የዘጠኝ ዓመቷ እህቱ ጫማዋን ልታነሣ ወደ ግቢው ስትወጣ፣ ልጁ የገንዳው ደረጃ ላይ ቆሞ፣ ውኃው ደረቱ ደርሶ፣ ኳስ ሊይዝ እጁን ዘርግቶ አገኘችው። አልጮኸም፣ ውኃውም አልተንቦጫረቀም። እህቱ ስባ አወጣችው፤ ልጁ ዛሬ ደህና ነው።

ባለቤቱ አልዋሸም። ቤቱ አጥር ነበረው፤ ረጅምና ጠንካራ አጥር። ነገር ግን አጥሩ ግቢውን ከመንገዱ የሚለይ ነበር። በሳሎኑ ተንሸራታች በርና በውኃው መካከል ምንም አልነበረም።

የትኛው አጥር?

የግቢ አጥር የጎረቤት ልጅ እንዳይገባ ይከለክላል። የራሳችሁን ልጅ ግን አያግደውም፤ ልጁ ከውስጥ ነውና። ልጅን የሚጠብቀው አጥር ገንዳውን ብቻ በአራቱም ጎን የሚከብና ከቤቱም የሚለየው ነው። የቤቱ ግድግዳ እንደ አራተኛ ጎን ከተቆጠረና በዚያ ግድግዳ ላይ ወደ ገንዳው የሚያስወጣ በር ካለ፣ ያ አጥር ሦስት ጎን ብቻ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚያስተምረው፣ ገንዳውን በአራት ጎን ለይቶ የሚከብ አጥር ሦስት ጎን ካለው የግቢ አጥር ጋር ሲነጻጸር ልጅ የመስጠምን አደጋ በ83 በመቶ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች ለመስጠም ከሁሉም በላይ የተጋለጡ መሆናቸውን ይገልጻል። በዚህ ዕድሜ ልጁ ይራመዳል፣ በር ይከፍታል፣ አደጋን ግን አያውቅም። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ስለሆነ ጎንበስ ሲል ይደፋል። ውኃ ውስጥ ሲገባም ለመጮኽ የሚበቃ ትንፋሽ አይኖረውም። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንጎሉ ይጎዳል።

አጥሩን እንዴት እንፈትሻለን?

በቤት ገንዳ አጥር ሕግ ረጅም ልምድ ካላቸው አገሮች አንዷ አውስትራሊያ ናት። የእነሱን መለኪያ ይዘን አጥሩን እንመልከት። ሜትር ያዙ።

አንደኛ፣ ቁመቱ ከመሬት ቢያንስ 1.20 ሜትር ይሁን።

ሁለተኛ፣ በቋሚ ዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ከአጥሩ ሥር ያለው ክፍተትም እንደዚሁ። ሕፃን ጭንቅላቱ ካለፈ ሰውነቱም ያልፋል።

ሦስተኛ፣ ልጅ እንደ መሰላል የሚረግጠው አግድም ዘንግ አይኑረው። ከአጥሩ አጠገብ እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ድረስ ወንበር፣ የአበባ ማሰሮ፣ የሕፃን ጋሪ ወይም ሳጥን አይቀመጥ።

አራተኛ፣ በሩ ከገንዳው ወደ ውጭ የሚከፈትና ራሱ ተመልሶ የሚዘጋ ይሁን። ፈትኑት፦ አንድ ጊዜ በሰፊው ከፍታችሁ ልቀቁት፤ ሌላ ጊዜ በትንሹ ገርበብ አድርጋችሁ ልቀቁት። ሁለቱንም ጊዜ ማንም ሳይነካው መዘጋትና መቆለፍ አለበት።

አምስተኛ፣ መቀርቀሪያው ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን፤ የአውስትራሊያው መለኪያ 1.50 ሜትር ነው።

በሩን በገመድ ወይም በድንጋይ ከፍቶ ማቆየት አጥሩን እንደማፍረስ ይቆጠራል። በውኃው ላይ የሚዘረጋ ቀጭን የላስቲክ ሽፋንም አጥርን አይተካም። ልጁ ሲረግጠው ይሰምጣል፤ ከሥሩ ከገባም ማንም አያየውም።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

የሕዝብ ገንዳ ነፍስ አድን ዋናተኛ (ማጺል) አለው። በተከራያችሁት ቤት ግን ማጺል የለም፤ ማጺሎቹ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ቀብድ ሳትከፍሉ ሦስት ነገር አድርጉ።

ባለቤቱን እንዲህ ብላችሁ በዕብራይስጥ ጠይቁ፦ «ዬሽ ጋዴር ቤን ሀባይት ላብሬኻ?» በቤቱና በገንዳው መካከል አጥር አለ ወይ ማለት ነው። ቀጥላችሁ «ሀሻዓር ኒስጋር ሌቫድ?» በሉ፤ በሩ ራሱ ይዘጋል ወይ ማለት ነው። «አጥር አለ ወይ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ።

የአጥሩንና የበሩን ፎቶግራፍ በዋትሳፕ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ስለ አጥሩ የነገራችሁም በጽሑፍ ይሁን።

አጥር ከሌለ፣ ተነቃይ የመረብ አጥር እንዲተክል ጠይቁት። እምቢ ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ። ትናንሽ ልጆች ይዞ አጥር የሌለው ገንዳ አጠገብ ማደር፣ ዋጋው ቢቀንስም ርካሽ አይደለም።

የራሳችሁ ግቢ ኖሯችሁ ገንዳ ለማሠራት ካሰባችሁ ደግሞ፣ ተቋራጭ ከመዋዋላችሁ በፊት ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት (ኢሪያ) የምህንድስና ክፍል ሄዳችሁ ስለ ግንባታ ፈቃድና ስለ አጥር የሚጠየቀውን ሁሉ እወቁ። የአጥሩ ዋጋ ከመጀመሪያው በሂሳቡ ውስጥ ይግባ፤ ወደፊት እንሠራዋለን አትበሉ።

ከሱቅ የሚገዛው ገንዳስ?

በአየር የሚነፋውና በብረት ዘንግ የሚቆመው ገንዳ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ቤት ይገባል። «ይህማ መጫወቻ ነው» እንላለን። በአውስትራሊያ ግን ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ውኃ መያዝ የሚችል ገንዳ ሁሉ አጥር ያስፈልገዋል። ትንሹን ገንዳ ልጆቹ እንደወጡ ወዲያው ድፉትና ገልብጡት። ትልቁን ከገዛችሁ መሰላሉን አንሥታችሁ ቆልፉበት፤ አጥሩንም አስቡበት። መጫወቻ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ አይደር፤ ልጅን የሚጠራው እሱ ነው።

በሰው ቤት ለምትሠሩ

ከእናንተ ብዙዎች በሞግዚትነት ወይም በጽዳት ገንዳ ባለበት ቤት ትሠራላችሁ። ሥራ ስትጀምሩ አጥሩንና በሩን አሠሪያችሁ ባሉበት ፈትሹ። በሩ የማይዘጋ ከሆነ በዕለቱ ተናገሩ፤ በስልክ መልእክትም ጻፉላቸው። ለማፅዳት ስትገቡና ስትወጡ በሩን ከፍታችሁ አትተዉ። የወለል ውኃ ያለበትን ባልዲም ልጅ ባለበት አታቆዩ፤ ሕፃን ባልዲ ውስጥም ይሰምጣል።

ሌላ ነገር አለ። ለጽዳት የተቀጠረች ሴት «እግረ መንገድሽን ልጁን እዪልኝ» ትባላለች። ወለል እየወለወሉ ልጅን ከውኃ መጠበቅ አይቻልም። በ2002 የወጣው የሠራተኛ ማሳወቂያ ሕግ አሠሪ የሥራውን ሁኔታና ዋና ዋና ተግባሮች በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። ልጅ መጠበቅ ከሥራችሁ ከሆነ ይጻፍ፤ ካልሆነ በትሕትና «ሁለቱን በአንድ ጊዜ አልችልም» በሉ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ለልጁም ለእናንተም ደኅንነት ነው።

አጥር ዓይንን አይተካም

አባቶቻችንና እናቶቻችን ልጅን ከወንዝ መጠበቅን ያውቁ ነበር። ወንዝ ሲሞላ ግን ድምፁ ይሰማል። ገንዳ ዝም ያለ ነው። ብዙ ሰው ባለበት ደግሞ ሁሉም ሌላው ያያል ብሎ ያስባል፤ ያቺ እናት የደረሰባትም ይኸው ነው። ስለዚህ ልጆቹ ውኃ ውስጥ ሲሆኑ አንድ አዋቂ በስሙ ይመደብ። «አሁን የምጠብቀው እኔ ነኝ» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገር፤ ስልኩን ያስቀምጥ፤ በየ15 ደቂቃው ሌላ ሰው ይተካው። ትንንሾቹ በክንድ ርቀት ይሁኑ። ክንድ ላይ የሚነፋው ላስቲክ መጫወቻ እንጂ ሕይወት አድን አይደለም። ምሳ ሲቀርብ ወይም ቡና ሲፈላ ልጆቹ ሁሉ ይውጡ፣ ይቆጠሩ፣ በሩ ይቆለፍ።

አደጋ ቢደርስ

ልጅ ከጠፋባችሁ ከክፍሎቹ በፊት ገንዳውን እዩ። የሰመጠውን ልጅ አውጥታችሁ ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት። ወደ ማገን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ፤ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ይሁን። «ዬሌድ ታቫዕ፣ ሎ ኖሼም» በሉ፤ ልጅ ሰምጧል፣ አይተነፍስም ማለት ነው። አድራሻውን ንገሩ፤ የተከራያችሁት ቤት አድራሻ ገና ስትገቡ ወረቀት ላይ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ። ከዚያም ባለሙያው በስልክ እየመራችሁ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ጀምሩ። በእግሩ አንጠልጥሎ መዘቅዘቅና ሆዱን መጫን ይጎዳል፣ ጊዜም ያባክናል። ልጁ ነቅቶ ቢያለቅስና ደህና ቢመስልም ሐኪም ሳያየው አይቅር።

ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩበት

ጋዜጣውን ከማጠፋችሁ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ተጠያየቁ። በምንሄድበት ቤት ከሳሎኑ እስከ ውኃው ድረስ ልጁን የሚያቆመው ምንድን ነው? በሩ ራሱ ይዘጋል? አሁን የሚጠብቀው ማን ነው? 101 ላይ ምን እንላለን?

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። የምናማክራችሁ እኛ በየጢፓት ሐላቩ አለን፤ ለክትባት ስትመጡ ስለ ገንዳውም ጠይቁን። መልካም የዕረፍት ወራት ይሁንላችሁ።