በበረዶ ተራራ ላይ ልክን ማወቅ



ስኪ የሚባለው የበረዶ ሸርተቴ ስፖርት በአገራችን ተራሮች ላይ አልተለመደም። ይሁን እንጂ ነገሩ ከእኛ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒክ ጨዋታዎች ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። በአልፕስ ተራሮች አካባቢ በሚገኙ አገሮች ከሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆች መካከልም ከትምህርት ቤታቸው ጋር ወደ በረዶው የሚወጡ አሉ። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የቁልቁለት መንገዶች በችሎታ ተለይተው እንዴት እንደሚመደቡና እኛስ ከዚህ ምን እንደምንማር በሦስት ክፍል እንመለከታለን።

1. መንገዶቹ እንዴት ይለያሉ?

ለምሳሌ የምንወስደው በኦስትሪያ፣ በቲሮል ክፍለ ሀገር የምትገኘውን የኪትስቢዩልን ከተማ ነው። እንግዳው በብረት ገመድ ላይ በተንጠለጠለ ሠረገላ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ከዚያም በጫማው ላይ በታሰሩ ሁለት ረጃጅም ስኪዎች ቁልቁል ይንሸራተታል። መውረጃው ግን አንድ ብቻ አይደለም። በየመንገዱ ዳር የተተከሉት ምልክቶች ሰማያዊ፣ ቀይ ወይም ጥቁር ቀለም አላቸው። ሰማያዊው ቀላል፣ ቀዩ መካከለኛ፣ ጥቁሩ አስቸጋሪ ማለት ነው።

ቀለሙ በዘፈቀደ አይሰጥም። በኦስትሪያ ደንብ መሠረት ሰማያዊ መንገድ፣ ከአንዳንድ አጫጭር ቦታዎች በቀር፣ ቁልቁለቱ ከ25 በመቶ አይበልጥም። ይኸውም አግድም 100 ሜትር ወደ ፊት ስንሄድ ወደ ታች የምንወርደው ቢበዛ 25 ሜትር ነው ማለት ነው። ቀዩ እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ የባሰው ጥቁር ይባላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ የቀለሙ ትርጉም ከአገር አገር ይለያያል። በፈረንሳይ ከሰማያዊው የሚቀልል አረንጓዴ መንገድ አለ። በአሜሪካም ቀላሉ አረንጓዴ ሲሆን ሰማያዊው መካከለኛውን ያመለክታል። በኦስትሪያ ሰማያዊ ላይ የተማረ ሰው አሜሪካ ሄዶ ምልክቱን ሳይጠይቅ ቢገባ ከጠበቀው የከበደ ያጋጥመዋል። ሁለተኛ፣ ቀለሙ የሚናገረው ስለ መንገዱ እንጂ ስለ ዕለቱ አየር አይደለም። ሌሊቱን የጠጠረ በረዶ ጧት ቀላሉን መንገድ እንኳ እንደ መስተዋት ያንሸራትተዋል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያሟሟው ደግሞ እግር ይይዛል።

2. ተማሪው እንዴት ያድጋል?

በዚያው በቲሮል፣ ሳንክት አንቶን በምትባል መንደር፣ ሃነስ ሽናይደር የተባለ መምህር ከ1907 ጀምሮ ስኪ ያስተምር ነበር። አርልበርግ በሚል ስም የታወቀው የማስተማሪያ ዘዴው ተማሪውን ደረጃ በደረጃ የሚያሳድግ ነው። ጀማሪው በመጀመሪያ የሁለቱን ስኪዎች ጫፍ ከፊት ያቀራርባል፣ ኋላቸውን ይከፍታል። ይህ አቋም ፍጥነቱን ይገታለታል። ቀጥሎ በዚያው አቋም መታጠፍን ይለማመዳል። ስኪዎቹን አጠጋግቶ ጎን ለጎን እያስኬደ መታጠፍ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት መፍጠን ሳይሆን መግታት መሆኑን እናስተውል። መቆም የማይችል ሰው መሄድን ተማረ አይባልም።

ጀማሪው ተቻኩሎ ወደ ጥቁሩ ቢገባስ? ይፈራል፤ ሲፈራም ሰውነቱን ወደ ኋላ ይለጥጣል። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲሄድ የስኪዎቹ ፊት በረዶውን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፤ መታጠፍም መግታትም ይሳነዋል። ስለዚህ ያልደረሰበት ቁልቁለት የተማረውን እንኳ ያስረሳዋል። አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት እዚህም ይሠራል።

3. አንድ ተራራ፣ ሁለት መንገድ

ከኪትስቢዩል በላይ ባለው ሃነንካም በተባለው ተራራ ላይ ሽትራይፍ የሚባል ዝነኛ የውድድር መንገድ አለ። ርዝመቱ 3,312 ሜትር ሲሆን በጠቅላላው 860 ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። የአይጥ ወጥመድ የሚል ስም በተሰጠው ስፍራ ቁልቁለቱ 85 በመቶ ይደርሳል። ኦስትሪያዊው ፍሪትስ ሽትሮብል በ1997 ይህን ሁሉ በ1 ደቂቃ ከ51.58 ሴኮንድ ጨርሶታል። ነገር ግን በዚያው ተራራ ላይ የቤተሰብ ሽትራይፍ የሚባል ሌላ መንገድም አለ። እርሱም አስፈሪዎቹን ገደላማ ቦታዎች እየዞረ ሰውን ወደዚያው ሸለቆ ያደርሳል። በዚህ መንገድ የወረደ ሰው ዘገየ እንጂ አልቀረም።

«ብወድቅ የምጎዳው እኔ ነኝ፤ ማን ምን አገባው?» የሚል ወጣት ይኖር ይሆናል። መልሱ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን በ1967 ባወጣቸው 10 የሥነ ሥርዓት ደንቦች ውስጥ ይገኛል። እያንዳንዱ ሰው ፍጥነቱን ከችሎታው፣ ከበረዶው ሁኔታና ከሰዉ ብዛት ጋር ማስማማት አለበት። ከኋላ የሚመጣው ከፊቱ ያለውን እንዳይጎዳ አድርጎ መንገዱን መምረጥ አለበት። አደጋ ሲደርስ መርዳት የሁሉም ግዴታ ነው።

ኃላፊነቱ ከላይ በሚመጣው ላይ የተጣለው ለምንድን ነው? እርሱ ከታች ያለውን ያያል፤ ከታች ያለው ግን በጀርባው ዓይን የለውም። መቆም የማይችል ሰው ደግሞ ይህን ደንብ ልጠብቅ ቢል እንኳ አይችልም። ስለዚህ ከልክ በላይ የመድፈር ዋጋ የሚከፈለው በደፋሩ ብቻ አይደለም፤ ከታች በእርጋታ የሚማረው ሕፃንም ሊከፍለው ይችላል። ችሎታ ያለውም ቢሆን በጀማሪዎች መካከል ሲያልፍ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት፤ ብዙ የሚችል ብዙ ይጠበቅበታልና።

ማጠቃለያ

የመንገዱ ቀለም ለቁልቁለቱ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ እንጂ ለሰው የተሰጠ ማዕረግ አይደለም። በሰማያዊው የሚሄድ አይናቅ፤ በጥቁሩ የሚሄድም አይታበይ። ጓደኞቻችን ወደማንችለው ሲጠሩን «ገና አልደረስኩም» ማለት ፍርሃት ሳይሆን ማስተዋል ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ጀማሪ ከመፍጠን በፊት መግታትን የሚማረው ለምንድን ነው?
ለ. ከኋላ የሚመጣው ሰው ከፊቱ ላለው ኃላፊ የሚሆንበትን ምክንያት አስረዱ።
ሐ. በትምህርታችን ወይም በሥራችን ያልደረስንበትን ደረጃ በይሉኝታ የምንጀምረው መቼ ነው? በዚህስ ማን ይጎዳል?